ውሉ ያለቀ ተጫዋች የማን ነው? የዣን ማርክ ቦስማን ታሪክ

ባለፈው ሰሞን ከቤቴ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ጋዜጣ ሳገላብጥ፣ ከጎኔ የነበሩ ወጣቶች ስለ ተጫዋቾች ዝውውር ይከራከሩ ነበር። አንደኛው ኪሊያን ምባፔ በ2024 ከፓሪ ሳን ዠርማ ወደ ሪያል ማድሪድ የሄደበትን ነገር አነሳና “እንዲህ ያለ ተጫዋች እንዴት በነጻ ይለቀቃል?” ሲል ጠየቀ። ሌላው ትከሻውን ሰብቆ “ውሉ አልቋላ! ማን ይይዘዋል?” አለው። ክርክሩ በዚሁ አበቃና ወደ ሌላ ወሬ ተሻገሩ።

እኔ ግን ንባቤን መቀጠል አቃተኝ። “ውሉ ካለቀ ማን ይይዘዋል?” የምትለዋ ነገር ለእነዚያ ልጆች ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች የማለት ያህል ግልጽ ናት። በእኔ የወጣትነት ዘመን ግን ውሉ ያለቀን ተጫዋች የሚይዘው ነበር። ክለቡ ይይዘው ነበር፤ መልቀቂያ በምትባል አንዲት ወረቀት።

ነገሩ ወዲህ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ ስድስት ኪሎ የሕግ ተማሪ ሳለሁ፣ በሰፈራችን አንድ ፈጣን የመስመር አጥቂ ነበር። ከክለቡ ጋር የነበረው ስምምነት አብቅቶ ሌላ ክለብ ፈለገው። የቀድሞው ክለብ ግን መልቀቂያ አልሰጥም አለ። የክለቡን ስም መጥራት አሁን ፋይዳ የለውም። ልጁ ሕግ እንደምማር ያውቅ ስለነበር ወረቀቶቹን በፌስታል ይዞ ቤታችን መጣ። “እስቲ እየው፣ ምን ማድረግ እችላለሁ?” አለኝ። አገላብጬ አየሁና “ደንባቸው እንዲህ ይላል፤ ደንብ ደንብ ነው። ሽማግሌ ልከህ ብትለምናቸው ይሻላል” አልኩት። ለመነ። አልሰጡትም። ሁለት ዓመት ከሜዳ ውጭ ቆይቶ ኳሱን ተወው።

እኔ “ደንብ ደንብ ነው” ባልኩበት በዚያው ዘመን፣ በቤልጂየም ሊዬዥ ከተማ አንድ አማካይ ተጫዋች ያንኑ ጥያቄ ይዞ ፍርድ ቤት ይመላለስ ነበር። ጠበቆቹ “ደንብ ደንብ ነው” አላሉትም። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚህ ሰው ነው። ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ቦስማን ማን ነው?

ዣን ማርክ ቦስማን ኦክቶበር 30 ቀን 1964 በሊዬዥ ተወለደ። ኳስን የተማረው በከተማው ታላቅ ክለብ በስታንዳርድ ሊዬዥ ሲሆን፣ በወጣቶች ደረጃም ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል። ለዋናው ብሔራዊ ቡድን ግን አልበቃም። ስሙ ከኳስ ችሎታው በላይ የገነነ ተጫዋች ቢኖር እሱ ነው። ማራዶናን ወይም ፔሌን የሚያውቅ ሰው ጨዋታቸውን ያስታውሳል። ቦስማን ያገባትን አንዲት ግብ የሚያስታውስ ሰው ግን ማግኘት ይቸግራል።

በሜይ 1988 ወደ ከተማው ሌላ ክለብ ወደ አርኤፍሲ ሊዬዥ ተዛወረ። ይህ ክለብ በ1896 የመጀመሪያው የቤልጂየም ሻምፒዮን የሆነ አንጋፋ ቡድን ነው። ቦስማን የፈረመው የሁለት ዓመት ውል ሲሆን፣ ጉርሻውን ጨምሮ በአማካይ በወር 120 ሺህ የቤልጂየም ፍራንክ ያስገኝለት ነበር። የውሉ ማብቂያ ቀን ጁን 30 ቀን 1990 ነው። እስከዚህ ድረስ በዓለም ላይ ከሚገኙ በሺዎች ከሚቆጠሩ ተጫዋቾች የተለየ ምንም ነገር አልነበረውም።

ሠላሳ ሺህ ፍራንክ

ውሉ ሊያልቅ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1990፣ ክለቡ አዲስ የአንድ ዓመት ውል አቀረበለት። ደመወዙ በወር 30 ሺህ ፍራንክ ሆነ። ይህ የቤልጂየም እግር ኳስ ማኅበር ደንብ የሚፈቅደው ዝቅተኛው ክፍያ ነው። የነበረው ደመወዝ አንድ አራተኛ ማለት ነው። ቦስማን አልፈርምም አለ። ክለቡም በዝውውር ዝርዝር ውስጥ አስገባውና ዋጋ ቆረጠለት፤ 11 ሚሊዮን 743 ሺህ ፍራንክ።

ይህ አኃዝ ከየት መጣ? በቤልጂየም ደንብ መሠረት ለተጫዋች “የማሠልጠኛ ካሳ” ተብሎ የሚጠየቀው ገንዘብ የሚሰላው፣ ዓመታዊ ገቢውን እንደ ዕድሜው ከ14 እስከ 2 ባለው ቁጥር በማባዛት ነበር። እስቲ እኛም ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ክለቡ ለቦስማን ልክፈልህ ባለው በወር 30 ሺህ ፍራንክ ብናሰላው፣ የቆረጠበት ዋጋ የ32 ዓመት ከ7 ወር ደመወዝ ነው። ሲከፍሉት ርካሽ፣ ሲሸጡት ውድ ሆነ ማለት ነው። አንድን ሰው በአንድ ጊዜ በሁለት ሚዛን ሲመዝኑት እንዲህ ነው።

ዋጋው ተቆርጦ የሚገዛው ክለብ ቢጠፋ ደግሞ ደንቡ መውጫውን ሁሉ አጥሮታል። ተጫዋቹ የቀረበለትን ውል አልፈርምም ካለ ክለቡ ሊያግደው ይችላል። እምቢ ብሎ ከጸና፣ ሁለት የውድድር ዘመን ሳይጫወት ከቆየ በኋላ ብቻ፣ ያውም እንደ አማተር፣ ያለ ክለቡ ፈቃድ ሊዛወር ይችላል። ከሃያዎቹ አጋማሽ ላይ የሚገኝ ተጫዋች ሁለት ዓመት ቁጭ አለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ኳስ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። የሰፈሬ ልጅ ያጣቸውም ልክ እንዲህ ያሉ ሁለት ዓመታት ነበሩ።

ቦስማን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። ድንበር ተሻግሮ ከፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ከዱንኬርክ ጋር ተነጋገረ። በወር 100 ሺህ ፍራንክ ገደማ፣ ለፊርማ ደግሞ 900 ሺህ ፍራንክ ገደማ ሊከፍሉት ተስማሙ። ጁላይ 27 ቀን 1990 ሁለቱ ክለቦችም ተፈራረሙ። ዱንኬርክ ለአንድ ዓመት ውሰት 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ፍራንክ ሊከፍል፣ ከፈለገ ደግሞ በ4 ሚሊዮን 800 ሺህ ጠቅልሎ ሊገዛው ተስማማ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ቀረ። የዝውውር የምስክር ወረቀቱ ኦገስት 2 ከሚደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ በፊት ከቤልጂየም ለፈረንሳይ ማኅበር መድረስ አለበት።

ወረቀቱ አልደረሰም። አርኤፍሲ ሊዬዥ “ዱንኬርክ ገንዘቡን መክፈል መቻሉን እጠራጠራለሁ” በሚል የአገሩ ማኅበር ወረቀቱን እንዲልክ ሳይጠይቅ ቀረ። ሁለቱም ውሎች ፈረሱ። ጁላይ 31 ቀን ደግሞ ክለቡ ቦስማንን ለሙሉ የውድድር ዘመን አገደው። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሆነው ውሉ ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ደመወዝ አይከፍለውም፣ አያጫውተውም፣ አይለቀውምም። እንዲህ ያለውን ግንኙነት በየትኛው የሕግ መጽሐፍ ምን ስም እንደሚሰጡት እኔ እስካሁን አላገኘሁም።

ክሱና ስደቱ

ኦገስት 8 ቀን 1990 ቦስማን ሊዬዥ በሚገኘው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ያኔ 25 ዓመቱ ነበር። ጠበቆቹ ሉክ ሚሶንና ገና ወጣት የነበረው ዣን ሉዊ ዱፖን ናቸው። የዱፖንን ስም ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ኖቬምበር 9 ቀን ዳኛው ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጡ። ክለቡና የእግር ኳስ ማኅበሩ ለቦስማን በወር 30 ሺህ ፍራንክ እንዲከፍሉ፣ ሌላ ክለብ እንዳይቀጥረውም እንቅፋት እንዳይሆኑ አዘዙ። በወረቀት ነጻ ሰው ሆነ። በኦክቶበር ወር የፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ የሆነው ሳን ካንታን ይህ ትእዛዝ ከተሰጠ በሚል ቅድመ ሁኔታ አስፈርሞት ነበርና ወደዚያ ሄደ። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ግን ውሉ ተቋረጠ። በፌብሩዋሪ 1992 ከአገሩ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቃ በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው የፈረንሳይ ግዛት በሬዩኒየን ደሴት ለሳን ደኒ ፈረመ። እሱም ውል ተቋረጠ። በመጨረሻ ወደ ቤልጂየም ተመልሶ በሦስተኛ ዲቪዚዮን ለሚጫወተው ለኦሎምፒክ ሻርለርዋ ገባ።

እንግዲህ የዚህ ሰው የውጭ አገር የተጫዋችነት ዘመን ይኸው ነው። አንድ ሳይጀመር የፈረሰ ውል፣ ሁለት ተጀምረው የተቋረጡ ውሎች። አባቶቻችን “ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ” የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ነጻነቱን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ትእዛዝ በኪሱ ይዞ የሚቀጥረው አጣ። የቤልጂየሙ ፍርድ ቤትም ይህን አላለፈውም። ቦስማን ሊቀጥሩት ይችሉ በነበሩ የአውሮፓ ክለቦች ሁሉ እንደ ተገለለ የሚያመለክት ጠንካራ የሁኔታ ማስረጃ እንዳለ መዝግቧል።

ለምን ከስሶ አልተወውም? ክሱን ቢያነሳ ምናልባት አንዱ ክለብ ይቀበለው ነበር። እሱ ግን በ1991 የአውሮፓን እግር ኳስ የሚመራውን ዩኤፋን ጭምር ወደ ክርክሩ አስገባ። ጥያቄውንም አሰፋው። “ውሌ ካለቀ በኋላ ስለ እኔ ዋጋ መጠየቅ ሕገ ወጥ ነው” ከማለት አልፎ፣ “ክለቦች በጨዋታ የሚያሰልፏቸውን የሌላ አገር ዜጎች ቁጥር መገደብም ሕገ ወጥ ነው” አለ። በዚያን ጊዜ የነበረው የዩኤፋ ደንብ አንድ ክለብ ሦስት የውጭ አገር ተጫዋቾችን፣ በተጨማሪም በዚያ አገር አምስት ዓመት ያለማቋረጥ የተጫወቱ ሁለት ሰዎችን ብቻ እንዲያሰልፍ ይፈቅድ ነበር።

የሉክሰምበርግ ፍርድ

የሊዬዥ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 1993 ጥያቄውን ሉክሰምበርግ ለሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤት መራው። አሠራሩን ላላጠኑ አንባቢያን በአጭሩ ላስረዳ። የሉክሰምበርጉ ፍርድ ቤት በእንዲህ ያለ ጉዳይ “እገሌ ለእገሌ ይህን ያህል ይክፈል” ብሎ አይፈርድም። የአባል አገሩ ፍርድ ቤት “የአውሮፓን ሕግ እንዴት ልተርጉመው?” ብሎ ይጠይቃል፤ እሱ ትርጉሙን ይሰጣል፤ ጉዳዩ ተመልሶ ወደ አገሩ ዳኛ ይሄዳል። ይህ አሠራር ኋላ ለቦስማን ኑሮ ትርጉም ነበረው።

የጠበቆቹ መነሻ የ1957ቱ የሮም ውል አንቀጽ 48 ነው። ይህ አንቀጽ የአባል አገሮች ሠራተኞች ከአገር አገር ተዘዋውረው የመሥራት ነጻነት አላቸው ይላል። መሠረቱም ከባዶ አልተነሳም። ፍርድ ቤቱ በ1974 የብስክሌት ስፖርትን በሚመለከት ጉዳይ፣ በ1976 ደግሞ በጣሊያን እግር ኳስ ጉዳይ፣ ስፖርት የገንዘብ ሥራ እስከሆነ ድረስ የአውሮፓ ሕግ እንደሚመለከተው ተናግሮ ነበር። ከዚያም በፊት በ1963 እንግሊዛዊው ዳኛ ዊልበርፎርስ በጆርጅ ኢስትሃም ጉዳይ፣ ውሉ ያለቀን ተጫዋች አስሮ የማቆየት ልማድ የሥራ ነጻነትን ያለ በቂ ምክንያት የሚገድብ ነው ብለው ነበር። ሕጉ ተኝቶ ነበር እንጂ አልጠፋም።

ተከራካሪዎቹ ክለቦችና ማኅበራት ያቀረቡት መልስ ተራ አልነበረም። ፍርዱን በቅን ልቦና ለማንበብ የእነሱንም መስማት ይገባል። አንደኛ፣ የዝውውር ክፍያ ከቀረ ሀብታም ክለቦች ሁሉንም ይሰበስባሉ፣ ውድድሩ ጣዕሙን ያጣል አሉ። ሁለተኛ፣ ትንሹ ክለብ ሕፃኑን አሳድጎ፣ አሠልጥኖ፣ በመጨረሻ ባዶ እጁን ከቀረ ማን ልጅ ያሠለጥናል? አሉ።

ዲሴምበር 15 ቀን 1995 ፍርዱ ተነበበ። ፍርድ ቤቱ የውድድር ሚዛንን መጠበቅና ወጣቶች እንዲሠለጥኑ ማበረታታት ተገቢ ዓላማዎች ናቸው አለ። ነገር ግን ደንቡ ዓላማዎቹን አያሳካም። ሀብታም ክለቦች ክፍያው እያለም ጥሩ ተጫዋቾችን ከመግዛት አልታገዱም። የሥልጠና ወጪም ቢሆን፣ ከሚሠለጥኑት ልጆች ጥቂቶቹ ብቻ ባለሙያ ስለሚሆኑ ክፍያው እርግጠኛ ያልሆነና ከእውነተኛው ወጪ ጋር ያልተያያዘ ነው። ዓላማውን የሠራተኛን ነጻነት በማይነካ ሌላ መንገድ ማሳካት ይቻላል። ስለዚህ የአባል አገር ዜጋ የሆነ ተጫዋች ውሉ ካለቀ፣ ወደ ሌላ አባል አገር ክለብ ሲሄድ የቀድሞ ክለቡ ክፍያ መጠየቅ አይችልም ሲል ወሰነ።

በዜግነት ገደቡም ላይ እንዲሁ። ብሔራዊ ቡድን የዜጎች መሆኑ ተፈጥሯዊ ነው፤ ክለብ ግን ሌላ ነው። የአንድ ከተማ ክለብ ከሌላ ከተማ የመጡ ልጆችን ያለ ገደብ ያሰልፋል፤ ታዲያ ከሌላ አባል አገር የመጣውን የሚለይበት ምክንያት የለም አለ ፍርድ ቤቱ። ዩኤፋም በ1996 ገደቡን አነሳ።

እኛ ዘንድ “በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል” ይባላል። ያን ቀን የቆመው ከመቶ ዓመት በላይ ሲወርድ የኖረ ልማድ ነው።

ማን ተጠቀመ?

ውጤቱ ለመታየት ዓመት አልፈጀም። በሜይ 1995 ሚላንን 1 ለ 0 አሸንፎ የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ ያነሳው አያክስ ነበር። ከአሳደጋቸው ልጆቹ መካከል ኤድጋር ዳቪድስ በ1996፣ ፓትሪክ ክላይቨርት ደግሞ በ1997 ውላቸው አልቆ ያለ ክፍያ ወደዚያው ወደ ተሸናፊው ሚላን ሄዱ። በ1999 ስቲቭ ማክማናማን ከሊቨርፑል ወደ ሪያል ማድሪድ፣ በ2001 ሶል ካምቤል ከቶተንሃም ወደ ተቀናቃኙ አርሰናል በነጻ ተሻገሩ። ዲሴምበር 26 ቀን 1999 ቼልሲ ሳውዝሃምፕተንን ሲገጥም አንድም እንግሊዛዊ ያልነበረበት ቋሚ አሰላለፍ ይዞ ገባ። በ2010 ሻምፒዮንስ ሊግን ያሸነፈው ኢንተር ሚላንም በፍጻሜው ቋሚ አሰላለፍ ውስጥ ጣሊያናዊ አልነበረውም።

የቀድሞው ክለብ የማይወስደው የዝውውር ገንዘብ ለተጫዋቹ ደመወዝና ለፊርማ፣ ለወኪሉም ኮሚሽን ሆነ። እዚህ ላይ ክለቦቹ ያሉት ሙሉ በሙሉ ውሸት እንዳልነበረ ማመን አለብን። ከ1995ቱ አያክስ በኋላ ከትንሽ ሊግ የወጡ ክለቦች የአውሮፓን ዋንጫ ማንሳት ብርቅ ሆነባቸው። እውነት ነው፣ ለዚህ የቴሌቪዥን ገንዘብም የራሱ ድርሻ አለው። ሀብቱ ግን ወደ ጥቂቶች ሄዷል።

እንግዲህ ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። የትንሹ ክለብ ችግር እውነተኛ ከሆነ መፍትሔው ምንድን ነው? ውሉ ያለቀውን ሰው በመያዣነት ማስቀመጥ ነው ወይስ ገንዘቡን ከሀብታሙ ክለብ የሚቀበልበት ሥርዓት መዘርጋት? ዕዳ ያለበት ክለብ ሆኖ ሳለ የሚታሰረው ተጫዋቹ ለምን ይሆናል? ፊፋ ከ2001 ጀምሮ ያወጣው የዝውውር ደንብ የተከተለው ሁለተኛውን መንገድ ነው። ክለብ ያሠለጠነውን ወጣት እስከ 23 ዓመቱ ሲዛወር የሥልጠና ካሳ ከአዲሱ ክለብ ይጠይቃል። ተጫዋቹ ውሉ ሳያልቅ ከአገር አገር በገንዘብ ሲሸጥ ደግሞ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ክለቡ ገንዘቡን ይጠይቃል እንጂ ሰውየውን አይይዝም። የቦስማን ፍርድ ቁም ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው።

እሱ ራሱስ?

ፍርዱ ሲነበብ ቦስማን 31 ዓመቱ ነበር። ለእግር ኳስ ተጫዋች ምርጥ የሚባሉት ዓመታት፣ ከ25 እስከ 31፣ በፍርድ ቤት አዳራሽና በዝቅተኛ ዲቪዚዮኖች አልቀዋል። ቀደም ብዬ እንዳልኩት የሉክሰምበርጉ ፍርድ ቤት ካሳ አይቆርጥም። ስለዚህ የገንዘቡ ክርክር ወደ ቤልጂየም ተመልሶ ተጨማሪ ዓመታት ወሰደ። ያገኘው ካሳም ዕድሜ ልክ የሚያኖር አልሆነም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ የሚያስደስት አይደለም። በድብርትና በመጠጥ ሱስ እንደ ተሰቃየ ራሱ በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ተናግሯል። የተጫዋቾች ዓለም አቀፍ ማኅበር ፊፍፕሮ ሲደግፈው ቆይቷል። በ2013 ደግሞ በፍቅር ጓደኛው ላይ ባደረሰው ጥቃት የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይህን ለማድበስበስ አልፈልግም። የተበደለ ሰው በሌላ ሰው ላይ በደል መፈጸሙ የመጀመሪያውን በደል አያጠፋውም፤ የመጀመሪያው በደልም ለሁለተኛው ማመካኛ አይሆንም። ሁለቱም በየራሳቸው ይታያሉ። ፍርድ ቤት የሚባለው ነገርም የተሠራው ለዚሁ ነው።

በስሙ በሚጠራው ፍርድ ሚሊዮን የሚያፍሱ ተጫዋቾች ለእሱ ያደረጉለት ጥቂት ነው፤ እሱም ይህን ደጋግሞ በቅሬታ ተናግሯል። በሕግ ታሪክ ግን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። መብትን ለማስከበር የመጀመሪያው ሆኖ የሚከስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ወጪ ለራሱ ከሚያገኘው ይበልጣል። ትርፉን የሚበሉት ከኋላ የሚመጡት ናቸው።

ጉዳዩም በእሱ አላበቃም። ፈረንሳዊው አማካይ ላሳና ዲያራ በ2014 ከሎኮሞቲቭ ሞስኮ ጋር ውሉ ከተቋረጠ በኋላ 10 ሚሊዮን 500 ሺህ ዩሮ ካሳ እንዲከፍል ተፈረደበት። የሚቀጥረው አዲስ ክለብም ለዚህ ዕዳ በጋራ ኃላፊ ይሆን ነበርና፣ ሊወስደው የፈለገው የቤልጂየሙ ስፖርቲንግ ሻርለርዋ ፈርቶ ተወው። ኦክቶበር 4 ቀን 2024 ያው የሉክሰምበርግ ፍርድ ቤት እነዚህ የፊፋ ደንቦች ከአውሮፓ ሕግ ጋር ይጋጫሉ አለ፤ ፊፋም በዲሴምበር ወር ጊዜያዊ ማሻሻያ ለማውጣት ተገደደ። ከዲያራ ጠበቆች አንዱ ማን ይመስላችኋል? ያ በ1990 ወጣት የነበረው ዣን ሉዊ ዱፖን ነው።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

የቦስማን ፍርድ የተሰጠው ለአውሮፓ ዜጎች ነው። ኢትዮጵያዊ ተጫዋች በቀጥታ “ቦስማን” ብሎ ሊከራከርበት አይችልም። ይሁንና ከዚያ በኋላ በሩ ትንሽ ሰፍቷል። ፍርድ ቤቱ በ2003 በስሎቫካዊው የእጅ ኳስ ተጫዋች ኮልፓክ፣ በ2005 ደግሞ በሩሲያዊው ኳስ ተጫዋች ሲሙቴንኮቭ ጉዳይ፣ አገራቸው ከአውሮፓ ጋር የተፈራረመችው ስምምነት በሕጋዊ መንገድ የተቀጠረን ሠራተኛ በዜግነቱ መለየትን ከከለከለ፣ ያ ክልከላ በስፖርትም ይሠራል ብሏል። ኢትዮጵያ ፈራሚ የሆነችበት የ2000 ዓመተ ምሕረቱ የኮቶኑ ስምምነትም በአንቀጽ 13 ተመሳሳይ ቃል ነበረው። ይህ ሁሉ ግን የሚጠቅመው ቪዛና የሥራ ፈቃድ አግኝቶ አውሮፓ ለገባ ሰው ነው፤ የልጆቻችን ትልቁ አጥር ደግሞ እዚያው ቪዛው ላይ ነው። አገራችን ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ ካስደሰቱን መካከል የሳላዲን ሰይድ የውጭ መንገድ በግብፅ፣ የጌታነህ ከበደም በደቡብ አፍሪካ በኩል መሆኑን ያስታውሷል።

በአህጉራችን ውስጥ ለሚዛወር ተጫዋች የሚጠቅመው የፊፋ ደንብ ነው። ወላጆችና ወጣት ተጫዋቾች ቢይዙት የምላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። የፈረሙትን ውል ቅጂ ሳይቀበሉ ከቢሮ አይውጡ። የውሉን ማብቂያ ቀን ይወቁ። ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በታች ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይፈቀዳል። ዓለም አቀፍ የዝውውር የምስክር ወረቀትም፣ ያ ቦስማንን ያስቀረው ወረቀት ማለቴ ነው፣ ያለ ክፍያና ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ነው። “መጀመሪያ ይህን ያህል ክፈል” የሚል ካለ ደንቡን አያውቅም፣ አለዚያም እናንተ እንደማታውቁት ያውቃል።

አገር ውስጥም ቢሆን ከሁሉም ደንብ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውን፣ ሥራውንና ሙያውን የመምረጥ መብት አለው ይላል። ኳስ መጫወት ሥራ ነው። ጫማ ሰፊው ውሉ ካለቀ ወደ ሌላ ሱቅ እንደሚሄድ፣ ሒሳብ ሠራተኛው ወደ ሌላ ድርጅት እንደሚገባ፣ የመስመር አጥቂውም እንዲሁ ነው።

የሰፈሬን ልጅ አሁንም አልፎ አልፎ አገኘዋለሁ። ታክሲ ይነዳል፤ ልጆች አሳድጓል፤ ቂም የያዘ ሰው አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቦስማንን ታሪክ አጫወትኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና “ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?” አለኝ። ያኔ ፍርዱ ገና አልተሰጠም ነበር አልኩት። እውነት ነው፣ አልተሰጠም። ሙሉ መልስ ግን አይደለም። ፍርዱ ባይኖርም ክርክሩ ነበር፤ የዊልበርፎርስ ውሳኔ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ተጽፎ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል። የሊዬዥ ጠበቆችም ሲጀምሩ በእጃቸው የነበረው ክርክር ብቻ ነው። እኔ ደንቡን አነበብኩ እንጂ ደንቡ ከሕግ ጋር መስማማቱን አልጠየቅኩም።

ይህን የምጽፈው ዛሬም ፌስታል ይዞ ወደ አንድ የሕግ ተማሪ ቤት የሚሄድ ልጅ ስለማይጠፋ ነው። ተማሪው እኔ ያልኩትን እንዳይለው አደራ እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።